ሮቢትና የዞብል ተራራ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው ጎብዬን አልፎ ሮቢት ሲደርስ፥ በስተ ቀኙ ሜዳውን እንደ ግንብ አጥሮ የቆመ ተራራ ያያል። ይህም ተራራ ዞብል ይባላል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ዞብል ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የራያን ቆላ ከአፋር በረሓ ይለያል። በላዩ የሚኖረው ሰው ጥቂት ነው፤ ቤቶቹም አንዱ ከአንዱ የተራራቁ ናቸው።

ስለዚህ አገር በቀድሞ ዘመን የተጻፈውን የመረመረ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ጸሐፊዎቹ ቆላውን የሚያነሡት ጦር ሲዘምትበት ወይም መንገደኛ ሲፈራው ብቻ መሆኑ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ በእደ ማርያም በዚሁ አካባቢ ይኖሩ በነበሩት በዶብዓ ሰዎች ላይ በዘመቱ ጊዜ፥ ከበረሓው ወገን ያለው የደንከል ገዥ ፈረስ፥ ተምር የተጫነች በቅሎ፥ ጋሻና ሁለት ጦር እጅ መንሻ እንደ ላከላቸው ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ከዚያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ነጋዴዎች ዶብዓን ስለሚፈሩ ብዙ ሆነው ተሰብስበው ካልሆነ በቀር እንደማያልፉ ጽፏል። በዚያው መቶ ዓመት የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ሰሜን ሲስፋፋ ራያ የሚባለው ነገድ በዚህ ሰፍሮ ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋሕዷል፤ የአገሩም ስም ከዚህ የመጣ ነው።

የኋለኛውም ዘመን ታሪክ እንዲሁ የጦር ነው። በ1921 ዓ.ም. ገደማ የራያና የአዘቦ ሰዎች ባመፁ ጊዜ፥ ዐመፁን እንዲያበርዱ የታዘዙት ራስ ጉግሣ ወሌ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንችም ላይ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላም ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፥ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የማይጨው ጦርነት ሆነ። ይህን የቀን መግጠም ታሪክ አዋቂዎች ሲያነሡት እሰማለሁ፤ ለራያ ገበሬ ግን መጋቢት ሌላ ትርጉም አለው፤ የበልግን ዝናብ የሚጠብቅበት ወር ነውና።

ያልተጻፈው ታሪክ እንግዲህ ይህ ነው። ከምዕራብ ከደጋው የሚወርደው የጎሊና ወንዝ በሮቢት አቅራቢያ አልፎ የዞብልን ተራራ ሰንጥቆ ወደ አፋር ይወጣል። በደጋው ሲዘንብ፥ በሜዳው አንዲት ጠብታ ሳይወርድ፥ ጎርፉ እየጮኸ ይመጣል። ገበሬው ይህን ጎርፍ በአፈር፥ በድንጋይና በቅርንጫፍ እየገደበ ከወንዙ አውጥቶ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል። ሥራውም ጠለፋ ይባላል (የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ቃሉን ሲሰማ የልጃገረድ ጠለፋ መስሎት ይደነግጣል)። ጎርፉ ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከደጋው የታጠበውን ለም አፈር ጭምር ይዞ ይመጣል። ደገላትና ጅጉርቲ የሚባሉት የማሽላ ዘሮች በዚህ መሬት ላይ ይበቅላሉ። ደገላት ለመድረስ ረዥም ጊዜ ስለሚፈልግ ዝናቡ ሳይጠና አስቀድሞ ይዘራል፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ከቀረ ግን ዘሩ አፈር ውስጥ ይቀራል።

ግድቡ ኃይለኛ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ይፈርሳል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ከላይ ያለው ውኃውን ሁሉ ቢይዝ ከታች ያለው ይራባል፤ ተራ ካልተያዘም ደም ይፈሳል። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ ተራ የሚሰጥ፥ ለሥራ ያልወጣውን የሚቀጣ የውኃ አባት ከመካከሉ ይመርጥ ነበር። በእኔ አስተያየት የዚህ ቆላ እውነተኛው አስተዳደር በዜና መዋዕል ከተጻፉት ሹማምንት ይልቅ በእነዚህ ሰዎች እጅ ነበር።

ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ከአሥመራ በማይጨውና በአላማጣ፥ በቆቦና በወልድያ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠራ። የተሠራው ለጦሩ ነው፤ ነገር ግን ሮቢትን የመሰለች የመንገድ ዳር ከተማ ያለዚህ መንገድ አትታሰብም። ዳሩ ግን በ1964 ዓ.ም. ዝናቡ ሲታጎል፥ በ1965 ዓ.ም. በወሎ የተራበው ሕዝብ በዚሁ መንገድ ዳር ቆሞ መኪናና አውቶቡስ እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። ስለሚመጣው ችግር አስቀድሞ የተጻፈ የመንግሥት ጥናት ነበረ፤ አልተገለጠም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡትንም ፎቶግራፍ ሕዝብ እንዲያየው አልተፈለገም። መኪና ሲያልፍበት የሚውል መንገድ እያለ ወሬው ዋና ከተማ ሳይሰማ መቅረቱ ይደንቃል። መንገዱ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና የጦር መንገድ ሆኗል።

እኔ ለሥራ ጉዳይ ተልኬ ሮቢት ባደርኩበት ጊዜ፥ በዚያ ክፉ ዘመን ልጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አነጋገሩኝ።

«አባቴ፥ በ1965 ጠለፋው የት ነበረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ውኃ ሲኖር ነው እንጂ የሚጠለፍ! ግድቡን ሠርተን ጠበቅን፤ ወንዙ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ» አሉኝ።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የልማት ሥራ ጥልቅ ጉድጓድ እየተቆፈረ፥ የምድር ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረትበታል። ሽማግሌው ይህን አይጠሉትም፤ ልጃቸው የሚያርሰው በሞተሩ ውኃ ነው። ብቻ ሞተሩ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ከሩቅ አገር እስኪመጣ ሁሉም እጁን አጣምሮ መቀመጡ ይከነክናቸዋል። «ግድብ ሲፈርስ እኮ በሌሊትም ቢሆን እንነሣ ነበር» አሉኝ።

ያን ጊዜ በምዕራብ በኩል የግዳን ደጋ ጠቁሮ ነበርና ወሬአችንን አቋርጠው፥ ዶማቸውን ይዘው ወደ ቦያቸው ወረዱ።