የተራራ ጫማና ልብስ ዕድሜ፦ በመንገድ የሚያልቀውና በካርቶን ውስጥ የሚያልቀው

ደባርቅ፦ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንቃበር ተነስቶ በግጭ በኩል ወደ ጨነቅ በሚያልፈው የእግር መንገድ የጫማ ሶል ተላቅቆ መቅረት ቀላል ጉዳት አይደለም። የማደሪያ ሥፍራዎቹ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ አለው፤ ጫማ ሰፊም በአቅራቢያ የለም። ሶሉ የወደቀበት ሰው ጫማውን በገመድ አስሮ ገደል ለገደል ከመሄድ በቀር ምርጫ አይኖረውም። ጉዳዩ ታዲያ የጎብኝው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ወራቱን ሙሉ የሚመላለሱት የአስጎብኚው፣ የስካውቱ፣ የምግብ አብሳዩና የበቅሎ ጫኙ ጭምር ነው።

የጫማ ዕድሜ በረጅም መንገድ ላይ የሚለካው በዓመት ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው። በአሜሪካ 14 ግዛቶችን አቋርጦ 3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የሚጓዙ ሰዎች በአብዛኛው አራት ወይም አምስት ጥንድ ቀላል ጫማ ይጨርሳሉ። ከዚህ ልምድ የተወሰደው ግምት ቀላልና ለስላሳ የመሮጫ ዓይነት ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር፣ ወፍራም የቆዳ ቡት ደግሞ ከ1 ሺህ እስከ 1 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር ያገለግላል የሚል ነው። የድንጋዩ ሹልነት፣ የተጓዡ ክብደትና የተሸከመው ጭነት ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል።

ይህን ወደ ሰሜን ተራሮች ብናመጣው፣ በቀን 15 ኪሎ ሜትር በወር ደግሞ 12 ቀን የሚራመድ ሰው በወር 180 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ቀላሉ ጫማ ከሦስት እስከ አራት ወር ተኩል፣ ቡቱ ከአምስት ወር ተኩል እስከ ዘጠኝ ወር ይቆይለታል ማለት ነው። በደረቁ ወራት የሚገኘው ገቢ ሲታሰብ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋም አብሮ መታሰብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚያታልለው ግን ያልተረገጠው ጫማ ነው። የብዙ ቡቶች ሶል የሚለሰልሰው ከመርገጫው ጎማ በላይ በገባው ፖሊዩሬቴን በሚባል ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ጫማው ከካርቶኑ ወጥቶ የማያውቅ ቢሆንም እንኳ፣ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። እህል ከላይ ሲያዩት ደህና መስሎ ውስጡን ነቀዝ እንደሚጨርሰው ሁሉ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ ቡት በመጀመሪያው ዳገት ሶሉን ሊጥል ይችላል።

በሰልባጅ ገበያ የሚገዛም ሆነ ከጎብኝ በስጦታ የሚገኝ ቡት ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ስንት ዓመት ተቀምጦ እንደቆየ ገዢው አያውቅምና። ከመግዛት በፊት የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን፣ ጫማውንም ደጋግሞ ማጠፍ ያስፈልጋል። ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ፣ ፍርፋሪ ከወጣ ወይም ቦታው ከተጣበቀ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። እዚህ ላይ ማስቲሽም ስፌትም አያድንም፤ የሚጣበቅበት አካል ራሱ ፈርሷልና። ሶሉ ጤነኛ ሆኖ ሙጫው ብቻ የለቀቀ ጫማ ግን ዙሪያውን በወፍራም ክር ቢሰፋ ብዙ ያገለግላል።

ሌላው የጫማ ጠላት እሳት ነው። ዝናብ የመታውን ጫማ ከምድጃ ዳር አስጠግቶ ማድረቅ በየማደሪያው የተለመደ ቢሆንም ሙጫውን ያላላል፤ ቆዳውንም ያኮማትራል፣ ይሰነጥቃል። ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጨርቅ ውስጡ ጠቅጥቆ በየጊዜው እየቀየሩ በጥላ ማድረቅ ጊዜ ቢወስድም ጫማውን አይጎዳም።

ድንኳንን የሚጨርሰው በዋናነት ፀሐይ ነው። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር አደገኛው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ግጭ ላይ የተተከለ ድንኳን ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ከሲሶ በላይ የበረታ ጨረር ይመታዋል። ናይለን በዚህ ምክንያት ሳስቶ በጣት ሲጎተት የሚቀደድበት ጊዜ ይመጣል። ቀን ቀን ማፍረስ ወይም ከጥላ መትከል ዕድሜውን ያራዝመዋል። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ድንኳን ግን ውኃ የሚከላከለው ሽፋኑ ይጣበቃል፣ ይሸታል፤ ያ ከሆነ በኋላ ዝናብ ያስገባል። የዝናብ ጃኬትም ውኃ መምጠጥ ሲጀምር ሁልጊዜ አልቋል ማለት አይደለም። ቆሻሻና ላብ ሽፋኑን ሸፍነውት ሊሆን ስለሚችል በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ደጋግሞ ማለቅለቅ አንዳንዴ ይመልሰዋል። የጠነከረ ዚፕ ሻማ ቢቀባ ይላላል።

የላባ መኝታ ከረጢት በጥንቃቄ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያገለግል፣ በሰው ሠራሽ ጥጥ የተሞላው ግን በመታጨቅ ብዛት ቶሎ ሙቀቱን ያጣል። ሁለቱም ከጉዞ ሲመለሱ ከትንሿ መያዣቸው ወጥተው ልል ሆነው መሰቀል አለባቸው። ጋቢ በደረቅ ሌሊት ወደር የለውም፤ ከረጠበ ግን ጥጥ በመሆኑ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል።

ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ከውድ ቡት በላይ ሲቆይ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። የመኪና ጎማ መቦጨቅን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ሲሆን ጥቁሩ ካርቦንም ከፀሐይ ይከላከለዋል። እግርን ከብርድና ከእንቅፋት ባይጠብቅም የሚበሰብስ ስፖንጅ የለበትም።

ክረምቱ ሲገባ ዕቃውን የሚያስቀምጥ ሰው በመጀመሪያ ጭቃውን አጥቦ በደንብ ያድርቅ፤ ቀጥሎም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለው ሙቀትና ከመሬት እርጥበት አርቆ፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ይስቀል። በጥቅምት ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ጫማውን አድርጎ በከተማው ዙሪያ ባለ አንድ ዳገት ሁለት ሰዓት መሄድ ይበቃል፤ ሶሉ የሚወድቅ ከሆነ እዚያው ይወድቃል፣ ጫማ ሰፊውም ሩቅ አይደለም።