እግር ለሜዳልያ ወይስ ለነፍስ?

ማታ ማታ በየክበቡ ነጭ ልብስ ለብሰውና ቀበቶ ታጥቀው አየር ሲረግጡ የሚያመሹትን ወጣቶች ቆሞ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይመጣበት አይቀርም፤ ለመሆኑ ይህ ነገር ጨዋታ ነው ወይስ ጥል? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ነው። የቴኳንዶ ባለቤቶች የሆኑት ኮርያውያን ግን ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። በእኛም ዘንድ ቢሆን ነገሩ የሥራ ፈት ወሬ አይደለም። «ክፉ ቀን ቢመጣ ራሷን ትከላከልበት» ብለው ሴት ልጃቸውን የሚያስመዘግቡ ወላጆች አሉ፤ ልጂቱ የምትማረው ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አላቸው። ለዚህ ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን መመርመር ግድ ይላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንቱ ልጀምር። በ1790 በንጉሥ ጆንግጆ ትእዛዝ «ሙዬ ዶቦ ቶንግጂ» የተባለ፣ በሥዕል የተደገፈ የጦር ትምህርት መጽሐፍ ተዘጋጀ። መጽሐፉ በአብዛኛው የሚያስተምረው ስለ ጦር፣ ስለ ሰይፍና በፈረስ ላይ ስለሚደረግ ውጊያ ሲሆን፣ በባዶ እጅ መማታትን የሚመለከት ምዕራፍም አለበት። ይህ የወታደር ትምህርት ነው፤ ዓላማውም ገድሎ መትረፍ ነው። በሌላ በኩል ሕዝቡ በበዓል ቀን የሚጫወተው «ቴክዮን» የተባለ የእግር ግጥሚያ ነበረው። ዩ ሱክ የተባለው ሠዓሊ በ1846 በሣለው ሥዕል ላይ ትግልና ቴክዮን የሚገጥሙ ሰዎች በተመልካች ተከበው ይታያሉ። በቴክዮን ባላጋራውን በእግሩ ጠልፎ የጣለ ወይም ራሱን በርግጫ ያገኘ አሸነፈ ይባላል። እንግዲህ «ጥንት ሁሉም ነገር ለነፍስ ነበር፤ ስፖርት ነው ያበላሸው» የሚሉ ወገኖች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ጨዋታውና ውጊያው ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው። የእኛም ጉግስ ከጦር ሜዳ የወጣ ጨዋታ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ በዚህ አይደነቅም።

ጃፓን ኮርያን በቅኝ በገዛችበት ዘመን፣ ማለትም ከ1910 እስከ 1945፣ ቴክዮን ተዳክሞ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ቀረ። ከእነዚህ አንዱ በ1987 ያረፉት ሶንግ ዶክ ጊ ናቸው። ነፃነት ሲመጣ ክበብ የከፈቱት መምህራን ግን አብዛኞቹ የተማሩት ከጃፓን ካራቴ ነው። ለምሳሌ በ1944 በሴኡል «ቾንግ ዶ ክዋን»ን ያቋቋሙት ሊ ዎን ኩክ በቶኪዮ የታላቁ የካራቴ መምህር የፉናኮሺ ጊቺን ደቀ መዝሙር ነበሩ። ፉናኮሺ ደግሞ የነጥብ ግጥሚያን የማይወዱ ሰው ነበሩና ተማሪዎቻቸውም ይዘው የተመለሱት ትምህርት ዳኛና ፊሽካ አያውቅም። ጡጫውም ርግጫውም የሚለመደው ነገሩን በአንድ ምት ለመጨረስ ነበር።

«ቴኳንዶ» የሚለው ስም የመጣው በ1955 ነው። ስሙን ያወጡት፣ እሳቸውም በጃፓን ካራቴ የተማሩት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው። «ቴ» በእግር መምታት፣ «ኳን» ጡጫ፣ «ዶ» ደግሞ መንገድ ወይም ሥርዓት ማለት ነው። ስሙ የጥንቱን ቴክዮን እንዲያስታውስ ሆኖ ተመረጠ፤ ከቅኝ ግዛት የወጣ ሕዝብ የገዢውን ስም ይዞ መኖር አይወድም። ጄኔራሉ ትምህርቱን በመጀመሪያ የተከሉት በጦሩ ውስጥ ነው። በ1962 ኮርያውያን አሠልጣኞች የደቡብ ቬትናምን ወታደሮች ሊያስተምሩ ተላኩ። በዚህ ጊዜ ቴኳንዶ ገና የወታደር መሣሪያ ነበር።

ታዲያ ስፖርቱ ከየት መጣ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግጥሚያው በኮርያ ብሔራዊ የስፖርት በዓል ውስጥ ገባ። ለውድድር ሕግ ያስፈልጋል፤ ሕግ አውጪዎቹም ተጋጣሚዎች ደረታቸውን በመከላከያ ሸፍነው በእውነት እንዲመታቱ ፈቀዱ፤ ፊትን በጡጫ መምታትን፣ መያዝንና ከወገብ በታች መርገጥን ግን ከለከሉ። በካራቴ ግጥሚያ እጅ ይበዛል፤ በዚህኛው ግን እግር እንዲነግሥ ተፈለገ። ከካራቴ የሚለይበትን መልክ መሻታቸውም አንዱ ምክንያት ነበር።

የዚህ ሕግ ውጤት ቀስ በቀስ ታየ። ፊቱን በጡጫ የሚመታው እንደሌለ የሚያውቅ ተጋጣሚ እጁን ወደ ታች ይጥላል። የሚይዘው እንደሌለ የሚያውቅም በአንድ እግሩ ቆሞ እንደ ልቡ ይሽከረከራል። በቶኪዮው ኦሊምፒክ (በ2021 በተካሄደው) ደረት ላይ ያረፈ ጡጫ 1 ነጥብ፣ ደረት ላይ ያረፈ ርግጫ 2፣ ራስ ላይ ያረፈ 3፣ ዞሮ ራስን የመታ ርግጫ 5 ነጥብ ያሰጥ ነበር። ተጋጣሚ ሞኝ አይደለም፤ የሚለማመደው የሚከፈልበትን ነው። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ምቱን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚቆጥር የደረት መከላከያ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህማ፣ የፊት እግርን አንሥቶ እንደ ሻምላ መሞሻለቅ በዛ የሚል ወቀሳ ከራሱ ከቴኳንዶ ሰዎች ሳይቀር ይሰማል።

መንግሥት በጉዳዩ የገባበት መንገድ ደግሞ የታሪኩ ዋና ክፍል ነው። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ በ1971 «ብሔራዊ ስፖርት ቴኳንዶ» የሚል ጽሑፍ በእጃቸው ጽፈው ሰጡ። በ1972 ዋናው ማእከል ኩኪዎን በሴኡል ተከፈተ። በ1973 በኪም ኡን ዮንግ መሪነት የዓለም ቴኳንዶ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም እዚያው ተካሄደ። ከፓርክ መንግሥት ጋር የተቃቃሩት ጄኔራል ቾይ በ1966 ያቋቋሙትን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ይዘው በ1972 ወደ ቶሮንቶ፣ ካናዳ ተሰደዱ። በ1980 ትምህርታቸውን ወደ ሰሜን ኮርያ ሲያስገቡ በደቡቡ ዘንድ ስማቸው ጨርሶ ጠፋ። የሴኡሉ ወገን በ1988ና በ1992 ኦሊምፒኮች ስፖርቱን ለትርኢት አቅርቦ፣ በ2000 በሲድኒ ለወንዶች አራት፣ ለሴቶች አራት የወርቅ ሜዳልያ ወዳለበት ደረጃ አደረሰው። ለአንዲት ከጦርነት ፍርስራሽ ለተነሣች ትንሽ አገር ይህ ቀላል ክብር አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ቴኳንዶን ብሔራዊ ስፖርት ብሎ የሰየመው ቤተ መንግሥት የራሱን ጠባቂዎች ያሠለጥን የነበረው በሌላ ትምህርት ጭምር ነው። የፓርክን አጃቢዎች ካስተማሩት አንዱ የሃፕኪዶው መምህር ጂ ሃን ጄ ነበሩ። ሃፕኪዶ መገጣጠሚያን መጠምዘዝን፣ መጣልን፣ ከመያዝ ማምለጥንና ርግጫን ያስተምራል። ምንጩ ብዙ ዘመን በጃፓን ኖረው የተመለሱት ቾይ ዮንግ ሱል ናቸው። እሳቸው የዳይቶ ሪዩው ሊቅ የታኬዳ ሶካኩ ተማሪ ነበርኩ ይሉ ነበር፤ በታኬዳ የተማሪዎች መዝገብ ግን ስማቸው አልተገኘም። የሆነው ሆኖ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለዓለም መድረክ ርግጫው ሲላክ፣ ለፕሬዚዳንቱ ነፍስ ጥምዘዛውም ተፈልጓል። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መሆናቸውን ባለ ሥልጣኖቹ ሳይናገሩት ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ «እውነተኛው ሃፕኪዶ ነው» ብዬ ልደምድም? አልደመድምም። ራስን የመከላከል ትምህርትም የራሱ ሕመም አለበት። በአንድ ክበብ ቆሜ ስመለከት ያየሁት ይኸው ነው፤ ባልደረባው እጁን ዘርግቶ አንጓ ይይዛል፤ ይዞም ይቆማል፤ እስኪጠመዘዝ ይጠብቃል፤ ከዚያም በፈቃዱ ይወድቃል። መንገድ ላይ የሚይዝ ሰው አይጠብቅም፤ ይገፋል፣ ይጎትታል፣ በሌላው እጁ ይመታል። ሃፕኪዶ በብዙ ማኅበራት ተከፋፍሎ፣ ሁሉም የተስማሙበት የዓለም ውድድር ሳይኖረው ኖሯል። ስለዚህ ትምህርቱ ከማይተባበር ሰው ጋር የሚፈተንበት መድረክ ጠባብ ነው። «ይህ ለውድድር የማይሆን አደገኛ ጥበብ ነው» የሚለው አባባል አንዳንድ ጊዜ እውነት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያልተፈተነ ነገር መሸፈኛ ይሆናል።

የጁዶ ታሪክ ለዚህ ያግዘናል። ካኖ ጂጎሮ በ1882 ኮዶካንን ሲመሠርቱ ለልምምድ አደገኛ የሆኑትን ምቶች ከነፃ ግጥሚያው አወጡ። በዚህም ተማሪዎቻቸው የቀሩትን ጥሎችና ማነቆዎች በሙሉ ኃይላቸው፣ ከሚታገላቸው ሰው ጋር በየቀኑ መለማመድ ቻሉ። ጥቂት ነገር ተውተው ብዙ ነገር አገኙ። የቴኳንዶ ተጋጣሚም እንዲሁ አንድ የማይናቅ ነገር አለው፤ ሊመታው ከሚፈልግ ሰው ፊት ቆሟል፣ ተመትቷል፣ ሕመሙን ችሎ ቀጥሏል፣ ርቀትንና ጊዜን ለክቷል። ይህን ማንም በቃል ሊያስተምረው አይችልም።

ጄኔራል ቾይም ቢሆኑ ከስፖርት አላመለጡም። ቴኳንዶን ለራስ መከላከያ ነው ሲሉ የኖሩት ሰው በ1974 በሞንትሪያል የራሳቸውን ፌዴሬሽን የዓለም ሻምፒዮና አካሄዱ። በእሳቸው ወገን ሕግ ፊትን በጡጫ መንካት ይፈቀዳል፤ ምቱ ግን እንዲመጠን ይጠየቃል። አንደኛው ወገን ኃይሉን ፈቅዶ ጡጫውን ከፊት ከለከለ፤ ሌላው ጡጫውን ፈቅዶ ኃይሉን ገደበ። እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ «ስፖርት ወይስ ራስን መከላከል» ሳይሆን «ሕጉ ምን አስቀረ?» መሆን ነበረበት። ሰው ያልተለማመደውን በጭንቅ ሰዓት አያደርገውም።

ሁለቱም ወገኖች በአገራችን ክበብ አላቸው። ልጁን ሊያስመዘግብ የሚሄድ ወላጅ ስንት ሜዳልያ እንደተገኘ ከመጠየቁ በፊት ሌሎች ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ መልካም ነው። ልጄ ፊቷን ከጡጫ መከላከል ትለማመዳለች? ሲይዟትና ሲጥሏትስ ምን ታደርጋለች? ከሚታገላት፣ ከማይተባበራትስ ሰው ጋር ትሠራለች? መምህሩ «ይህ ስፖርት ነው፤ ይህን አናስተምርም» ካለ ቅን ሰው ነውና ይመሰገን፤ ልጂቱ ጤናና ድፍረት ታገኝበታለች፤ የቀረውን ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። የሚያስፈራው «ሁሉም አለ» ብሎ ለሦስቱም ጥያቄ አየር ላይ ርግጫ የሚያሳየው ነው።