መስመሩ ሲቋረጥ የትኛው ሥራ ይቀጥል? ኤጅ ኮምፒውቲንግ ከጋሞ ዞን ሲታይ

በአርባ ምንጭም ሆነ በሌላ የአገራችን ከተማ ባንክ ደጅ የጠና ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያውቀዋል። ቅርንጫፉ ውስጥ ገንዘብ አለ፣ ገንዘብ ከፋዩ አለ፣ ባለሒሳቡም ደብተሩን ይዞ ቆሟል፤ መዝገቡ ግን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ኤጅ ኮምፒውቲንግ ስሌቱንና መረጃውን ከማዕከል አውርዶ ተጠቃሚው አጠገብ የሚያስቀምጥ አሠራር በመሆኑ፣ ሰርቨሩ ሴቻ ወይም ሲቀላ ቢተከል ችግሩ የሚፈታ ይመስላል።

አይፈታም። መስመሩ በተቋረጠበት ሰዓት ባል ሲቀላ ላይ፣ ሚስት መርካቶ ላይ ያንኑ የጋራ ገንዘብ ቢያወጡ፣ መዝገቦቹ ሲገናኙ ጉድለቱን ማን ይሸፍናል? ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው፣ ጊልበርትና ሊንች ከሁለት ዓመት በኋላ በሒሳብ ያረጋገጡት መርህ እዚህ ላይ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲከፈል አንድ ሥርዓት ወይ አገልግሎቱን ወይ የመዝገቡን አንድነት ይለቃል እንጂ ሁለቱን አይዝም። ባንክ አገልግሎቱን ይለቃል፤ ደንበኛው ቢያማርርም ልክ ነው። ቢበዛ አነስተኛ ጣሪያ ያለው ወጪ ሊፈቅድ ይችላል። እንግዲህ አስቀድሞ መለየት ያለበት የትኛው ሥራ ወደ ዳር ይውረድ የሚለው ነው።

የመስኩ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከፍጥነት ነው። አካማይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም የድረ ገጽ ይዘትን ተጠቃሚው አቅራቢያ አከማችቶ ማቅረብን ሥራው አደረገ። በ2009 ሳትያናራያናንና ባልደረቦቹ ለስልክ የሚከብደውን ስሌት በቅርብ ላለ ትንሽ ሰርቨር የማቀበል ሐሳብ አቀረቡ። በ2014 ደግሞ የአውሮፓው የቴሌኮም ደረጃ አውጪ ተቋም ሰርቨሩን ወደ ሞባይል ጣቢያው የሚያስጠጋውን አሠራር የሚያጠና ቡድን አቋቋመ። የሁሉም ዋነኛ መለኪያ ሚሊሰከንድ ነው። መለኪያውን ወደ አርባ ምንጭ እናምጣው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ 5 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎች የሚያዘገዩት ቢደመር እንኳ ተጠቃሚው እምብዛም አይታወቀውም። ባሕር ማዶ 10,000 ኪሎ ሜትር ኬብል የሚርቅ ሰርቨር ግን ለጉዞው ብቻ 100 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። ስለዚህ የፍጥነቱን ችግር አብዛኛውን የሚያቃልለው መረጃው አገር ውስጥ መቀመጡ ነው፤ ለዚህም አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የተገነቡት የዳታ ማዕከላት ይበቃሉ። ሚሊሰከንድ እየቆጠረ አርባ ምንጭ ላይ ሰርቨር ትከሉ የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ በበኩሌ አልሰማውም።

የዚህ አካባቢ ችግር መቋረጥ ነው። ፋይበር በመንገድ ሥራ ይቆረጣል፤ መብራት ሲጠፋ የሞባይል ጣቢያው ባትሪ ያልቃል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. እንደሆነው ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ይዘጋል። ሁሉን ከማዕከል የማድረስን ዋጋ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በፕላዝማ የተማረው ትውልድ ያውቀዋል። ትምህርቱ በሳተላይት ይወርድ ነበር፣ መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፣ መብራት በሄደበት ሰዓት የተላለፈው ክፍል ያው አመለጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የያዙት ታብሌት አሠራሩ ሌላ ነው። የቤተሰቡ መረጃ እዚያው ይመዘገባል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ላይ ይላካል። ማንም ኤጅ ብሎ ባይጠራውም ሥራው ያው ነው።

ጉዳዩ ከሁሉ የሚከብደው ግን ተራራው ላይ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። የጋሞ ደጋም ገደላማ፣ ዝናባም፣ ሕዝብ የበዛበት ነው። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ የአፈሩን ዘንበል ማለት በሦስት አቅጣጫ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚለካ ሴንሰር ቢተከል፣ እያንዳንዱ ልክ 2 ባይት ቢይዝ፣ በቀን 52 ሜጋባይት ያመነጫል፤ ሃያ ሴንሰር ከ1 ጊጋባይት ያልፋል። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራው የሎራ ሬዲዮ ረጅም ርቀት ላይ በሰከንድ ከ1 ኪሎቢት በታች ስለሚያስተላልፍ የአንዱን ሴንሰር ጥሬ ልክ እንኳ አይችለውም። ስለዚህ ስሌቱ ተዳፋቱ ላይ ማለቅ አለበት። መሣሪያው የዝናቡን መጠን፣ የአፈሩን እርጥበትና እንቅስቃሴ አገናዝቦ በጥቂት ባይት «ተነሡ» የሚል ምልክት ብቻ ይልካል፤ ምልክቱም አዲስ አበባ ሳይደርስ የመንደሩን ሳይረን ያስነሣል። እዚህ ላይ የመዝገብ አንድነት ጥያቄ አይነሣም። ማዕከሉ ነገሩን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢሰማ ሰው አይሞትም።

እንሰት አጠውልግንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። በሽታው ከእንሰት ወደ ሙዝ የሚሻገር ስለሆነ ደጋውንም የላንቴንና የሼሌን የሙዝ ማሳም ያሰጋል። ቅጠሉን በካሜራ አይቶ የሚገምት ሞዴል አንዴ ስልክ ላይ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም።

ለናዳው ማንቂያ ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ልኩ ነው። ሳይረኑ በከንቱ ሦስት ጊዜ ከጮኸ በአራተኛው የሚነሣ ሰው አይኖርም። የስንት ቀን ዝናብ የትኛውን አፈር እንደሚያንሸራትት ከውጭ የሚገዛ ሶፍትዌር አያውቅም። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ግን የውኃ ምህንድስናንና ኮምፒውተርን በአንድ ተቋም ስለያዘ፣ ልኩን የማውጣቱ ሥራ የሱ ቢሆን ይገባል። የቀረው ጥገና ነው። ገመድ ይቆረጣል፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይሰረቃል፣ ባትሪ በጥቂት ዓመት ይደክማል። በጀት ሲያዝ እንግዲህ ከሴንሰሩ ዋጋ በፊት ባትሪ የሚቀይረው፣ ሳይረኑን በየወሩ የሚፈትነው የወረዳ ቴክኒሻን ደመወዝ ይግባበት።