ዕውቀት በየደብሩ፣ ዕውቀት በየኮሌጁ

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተበት በ1943 ዓ.ም. ነው የሚል ቃል በብዙዎች ዘንድ ቢዘወተርም፣ የሀገሪቱ ሊቃውንት ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ዘመናት ዕውቀትን በየወገኑ ለይተው፣ ለየወገኑም መምህርና ጉባኤ መድበው ሲያስተምሩ መኖራቸውን የሚያስተውል ሰው ይህን ቃል ሳይመረምር አይቀበለውም።

መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ ከንባብ ቤት የወጣ ደቀ መዝሙር የሚሻውን ሁሉ በአንድ ደብር አያገኝም ነበርና፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ዕለት ጉርሱን እየለመነ፣ ድጓን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ ይጓዝ ነበር። ቅኔን የወደደም በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዋድላ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ዕጣነ ሞገር እየቈጠረ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ከብሉይ፣ ከሐዲስ፣ ከሊቃውንትና ከመነኮሳት አንዱን ወይም ሁሉን ከነአንድምታው ያሔዳል። ምስክር ያላገኘ ሰው ወንበር ዘርግቶ ማስተማር አይገባውም ነበርና፣ የሊቅ ማዕርግ ከመምህሩ ስም ጋር ተያይዞ ይታወቅ ነበር።

መንግሥት ሐኪም፣ መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ በፈለገ ጊዜ የተቋቋሙት አዲሶቹ ኮሌጆችም፣ ሳይታሰብ ይሁን ታስቦ፣ ይህንኑ በየስፍራው የመከፋፈል ልማድ ተከተሉ። የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ሥራ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. ተከተለው፤ በአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ በጅማ የተጠነሰሰው የእርሻ ኮሌጅ ኋላ ሐረር አጠገብ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። በደምብያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላም በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ በጎንደር ቆመ፤ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው ሥራቸውን የሚማሩት ከሕሙማኑ መንደር ሳይርቁ ነበር።

እነዚህ ኮሌጆች በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉና ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ማዕከላቸው ሲሆን፣ የቅድስት ሥላሴ ቴዎሎጂ ኮሌጅም ከማኅበሩ ገባ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቤቶች ግን ከዚህ አንድነት ውጭ ስለ ቀሩ፣ ለዓመታት በረኃብ የተገኘ የቅኔ መምህርነት ከዲፕሎማ ጋር የሚመዘንበት ሚዛን ሳይኖረው ቀረ። ጉባኤ ቤቱ ለሴቶች እምብዛም በሩን አለመክፈቱና ፊዚክስንና ሕክምናን አለማስተማሩ የማይካድ ነው፤ ነገር ግን ጉድለት ያለበት ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ተራ አይወጣምና፣ የከፍተኛ ትምህርትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዋሸራንና ቤተልሔምን በፊተኛው ምዕራፍ፣ ዓለማያንና ገነተ ልዑልን በሁለተኛው ቢያሰፍር፣ መጽሐፉ የተሟላ ይሆናል።