በሬ ወለደ የተባለው ማዕበል

ከሙያዎች ሁሉ እንደ መርከበኝነት በውሸት የታማ ያለ አይመስለኝም። አዳኝ ያጋንናል፣ ነጋዴ ይምላል፤ መርከበኛ ግን ገና አፉን ሲከፍት ይሳቅበታል። «ከሌሎቹ ሁሉ እጥፍ የሚሆን፣ እንደ ገደል ቀጥ ያለ ውሃ ድንገት ከፊታችን ቆመ» ሲል፣ አድማጩ «ስንት ጠርሙስ ካወረድክ በኋላ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቀልዱ ብዙ ዘመን ኖሯል። ችግሩ ሰው ሲሞትም አለመቆሙ ነው።

ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዱሞን ዱርቪል እ.ኤ.አ. በ1826 በህንድ ውቅያኖስ ላይ ከ30 ሜትር በላይ የሚሆን ሞገድ ማየቱን ተናገረ። 30 ሜትር ማለት እንግዲህ አሥር ፎቅ ማለት ነው። ብቻውን አልነበረም፤ ሦስት ባልደረቦቹ መስክረውለታል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! በዘመኑ ሞገድ ከ9 ሜትር አያልፍም ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ፍራንሷ አራጎ የተባለው ስመ ጥር ሳይንቲስት በአደባባይ ተሳለቀበት። ያየው ሰው ውሸታም፣ ያላየው ሰው ሊቅ ሆነው ቀሩ።

አንባቢ ከሱናሚ ጋር እንዳያምታታብኝ። ሱናሚን የሚያስነሣው በአብዛኛው የባሕር ወለል መንቀጥቀጥ ነው፤ በጥልቁ ውቅያኖስ መርከቧ ሳታውቀው ከሥሯ ያልፍና ጥፋቱን የሚያደርሰው የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኔ የማወራለት ግን ነፋስ የወለደው፣ በዙሪያው ያሉትን ትልልቅ ሞገዶች ከእጥፍ በላይ የሚበልጥ፣ ድንገት ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ ነው። አልፎ ሲሄድ ምልክት አይተውም። የሚተወው ምስክር ብቻ ነው፤ እሱም ከተረፈ።

በ1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ታኅሣሥ ወር «ክዊን ሜሪ» የተባለችው ግዙፍ መርከብ ከ10 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን ጭና በሰሜን አትላንቲክ ስትጓዝ አንድ ሞገድ በጎኗ መታት። 52 ዲግሪ ያህል አጋደለች። ጥቂት ዲግሪ ቢጨመር ኖሮ መገልበጧ ነበር። ደግነቱ ቀና አለች።

«ሙንሸን» ግን አልቀናትም። 261 ሜትር የምትረዝመው ይህች የጀርመን የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 ከብሬመርሃፈን ወደ አሜሪካ ስትሄድ አትላንቲክ ላይ 28 ሰዎችን እንደያዘች ጠፋች። ብዙ መርከቦችና አውሮፕላኖች ፈለጓት፤ ከተገኙት ጥቂት ነገሮች አንዱ ባዶ የነፍስ አድን ጀልባ ነበር። ጀልባዋ የምትሰቀለው ከውሃው 20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። የተንጠለጠለችባቸው የብረት ካስማዎች ግን ከፊት ወደ ኋላ ተጣመው ተገኙ። 20 ሜትር ላይ ያለን ብረት ምን ያጣምመዋል? መርማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ መጥፎው አየር አንድ ያልተለመደ ክስተት አስከትሏል የሚል ነበር። በጊዜው ስሌት 30 ሜትር የሚደርስ ሞገድ በ10 ሺህ ዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። መርከቦችም የሚነደፉት በዚያው ስሌት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1995 ነው። በሰሜን ባሕር በሚገኘው «ድራውፕነር» የተባለ የኖርዌይ የጋዝ መድረክ ላይ የተተከለ የጨረር መለኪያ 25.6 ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ መዘገበ። በዙሪያው የነበሩት ትልልቆቹ ሞገዶች በአማካይ 12 ሜትር ያህል ነበሩ። በዚያው ዓመት መስከረም «ክዊን ኤልዛቤት 2» አትላንቲክ ላይ 29 ሜትር ከተገመተ ሞገድ ጋር ተጋፈጠች። ከዚያ የአውሮፓ ተመራማሪዎች የሦስት ሳምንት የሳተላይት ራዳር ምስሎችን ሲመረምሩ ከ25 ሜትር የሚበልጡ ከአሥር በላይ ሞገዶች አገኙ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ አደረጉ። በሦስት ሳምንት! የ10 ሺህ ዓመቱ እንግዳ ለካ የዘወትር ጎረቤት ኖሯል።

እንዴት እንደሚፈጠርም ብዙ ታውቋል። ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ሞገዶች ሲገናኙ ይደራረባሉ። በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ እንዳለው የአጉልሃስ ጅረት ያለ ኃይለኛ ፍሰት ሞገዱን ፊት ለፊት ሲገጥመው ያሳጥረዋል፣ ያቆመዋል። አንዳንዴም አንዱ ሞገድ የጎረቤቶቹን ጉልበት እየወሰደ ያብጣል ይባላል። የድራውፕነርን አምሳያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በገንዳ ውስጥ ሊሠራው ችሏል።

በሳይንቲስቶቹ ሙሉ በሙሉ አልፈርድም። ወሬ ሁሉ ይታመን ከተባለ የባሕር ዘንዶም ሊታመን ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፦ አለመለካቱን እንደ አለመኖሩ መቁጠራቸው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በተለያየ ዘመንና ባሕር፣ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ቢያንስ መለኪያውን ይዞ መሄድ ይገባ ነበር። 169 ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ያልቻለውን፣ ሰው የማይናገርበት አንድ ሣጥን በአንድ ከሰዓት አሳመነ።

«ለእኛ ባሕር ለሌለን ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ባሕር ባይኖረንም መርከበኞች አሉን። ባሕር ዳር ሠልጥነው በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ በመሐንዲስነት የተቀጠሩ ልጆች አሉ። ከእነሱ አንዱ እረፍት መጥቶ ቡና ላይ ስለ ባሕሩ ሲያወራ፣ «አይ አንተ!» ከማለታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል?