ግጥምጥሞሽ ሳይሆን ጉድኝት

ሁለት ደማቅ ፕላኔቶች በምሽት ሰማይ ተቀራርበው በታዩ ቁጥር ‹‹የፕላኔቶች ግጥምጥሞሽ›› የሚል ወሬ ይናፈሳል። ቃሉ ለአፍ ይቀናል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ግጥምጥሞሽ ያልታሰበ አጋጣሚ ነው። ሳይቀጣጠሩ መርካቶ መሐል የተገናኙ አብሮ አደጎች ‹‹ምን ዓይነት ግጥምጥሞሽ ነው!›› ቢሉ ያምርባቸዋል። የፕላኔቶች መቀራረብ ግን ቀኑና ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የሚታወቅ ነው። በቀጠሮ የሚመጣን ነገር የአጋጣሚ ስም መስጠት አንባቢን ማሳሳት ነው።

ትዕይንቱን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ጁፒተርና ሳተርን በመካከላቸው የዲግሪ አንድ አሥረኛ ብቻ ቀርቷቸው ታዩ፤ ይህን ያህል ሲቀራረቡ በ397 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነበር። ታኅሣሥ በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ጀንፈሉን ሰብስቦ ላስቲክ የሚያለብስ ሰው ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ቢመለከት ሰማዩ ክፍት ነው። የካቲት 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የቬነስና የጁፒተር ሆነ፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ተራርቀው አመሹ። መቀራረቡ ለዓይን ብቻ ነው። የቅርቡ ኮረብታ መብራትና የሩቁ ኮረብታ መብራት ከመንገድ ሲያዩዋቸው ጎን ለጎን ይመስላሉ፤ ያን ምሽትም ጁፒተር ከእኛ የነበረው ርቀት የቬነስን አራት እጥፍ ያህል ነበር።

ታዲያ ምን እንበለው? ከሰዋስው ተውሶ ‹‹መስተጻምር›› የሚል አይጠፋም፤ እሱ ግን ‹‹እና››ን እና ‹‹ወይም››ን የምንጠራበት ነው፤ እዚያው ይቆይ። ‹‹ጥምረት›› ዓላማ ይጠይቃል፤ ፓርቲዎች ይጣመራሉ፣ ፕላኔቶች ግን የሚመክሩበት ጉዳይ የላቸውም።

ብርቱው ተፎካካሪ ‹‹ቁርኝት›› ነው። የዐረብ የፈለክ ሊቃውንት ይህን ክስተት ‹‹ቂራን›› ይሉታል። በኮከብ ቆጠራ መጽሐፋችን በዐውደ ነገሥት የምናውቃቸው ዙህራ (ቬነስ)፣ ሙሽተሪ (ጁፒተር) እና ዙሐልም (ሳተርን) ከዐረብኛ የመጡ ስሞች ስለሆኑ ቁርኝት በድምፁም በዘመዶቹም ይስማማል፤ ዐረብኛ የሚያነበው የጅማ ሰውም ወዲያው ይቀበለዋል። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። በጥንቱ ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ቁራኛ ሆነው ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ፕላኔቶቹን ግን የቋጠራቸው የለም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ እየተራራቁ ይሄዳሉ።

እኔ የምደግፈው ‹‹ጉድኝት››ን ነው። ቤተሰቡ ጓድ፣ ጓደኛ፣ ተጓዳኝ፣ መጎዳኘት ነው። የተጎዳኙ ሰዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አይነካኩም፣ አይተሳሰሩም፣ መንገዳቸው ሲለያይም ይለያያሉ። ሰማይ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ግስም አብሮት ይመጣል፦ ‹‹ቬነስና ጁፒተር ዛሬ ማታ ይጎዳኛሉ፤ የትናንቱ ጉድኝት በደመና ተሸፈነ።›› ቃሉን ትምህርት ቤቶች ‹‹የጉድኝት ማዕከል›› በሚለው ስም ይዘውታል የሚል ይኖራል። ይህ ያግዘዋል እንጂ አይጎዳውም፤ እዚያም በየቦታቸው ያሉ ትምህርት ቤቶች አብረው ይቆጠራሉ፣ እያንዳንዱም በራሱ ይቆማል።

አማርኛ ለሳይንስ ቃል ያጥረዋል የሚለውን ክስ አልቀበልም። የሚያጥረን ያለንን አገላብጦ የማየት ትዕግሥት ነው። የጅማ ገጠር ልጅ ቬነስን በኦሮምኛ ባካልቻ ይላታል፤ በአማርኛም የአጥቢያ ኮከብ ስንላት ኖረናል። ኮከቡን ሰይመው ያቆዩን ቋንቋዎች መጎዳኘቱንም መሰየም ይችላሉ፤ ኦሮምኛም የራሱን ቃል ከራሱ ጓዳ ያውጣ።

ጁፒተርና ሳተርን ዳግም የሚጎዳኙት በ2033 ዓ.ም. ነው። ያን ዜና የሚጽፉት ዛሬ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ናቸው፤ መምህራንና ጋዜጠኞች ትክክለኛውን ቃል ከአሁኑ ያስጨብጧቸው።