ስውር የትራፊክ ቁጥጥር

ስውር የትራፊክ ቁጥጥር፦ ሲቪል የለበሱ ወይም ምልክት በሌለው ተሽከርካሪ የሚንቀሳቀሱ ፖሊሶች እያሽከረከሩ ስልክ የሚነካኩና በግዴለሽነት የሚነዱ ሰዎችን የሚይዙበት የሕግ ማስከበር ዘዴ። ዓላማው አሽከርካሪው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ እንዲጠነቀቅ ማድረግ ነው።

በእንግሊዝ ፖሊሶች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልክት በሌላቸው ከባድ የጭነት መኪናዎች ውስጥ ተቀምጠው፣ ከከፍታቸው የአሽከርካሪዎችን እጅ ይመለከታሉ። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ስልክ መጠቀምን የሚለዩ ካሜራዎችን ሥራ ላይ አውላለች።

በኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መነጋገርን ከልክሏል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በግልጽ የሚታየው ቁጥጥር የደንብ ልብስ የለበሱ ትራፊክ ፖሊሶች የሚያካሂዱት ነው።

እያሽከረከሩ ስልክ የመጠቀም አደጋ በከተማዋ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ይበልጥ ይከብዳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ዳገታማና ጠመዝማዛ ነው፤ እግረኞችና ሯጮች ይጋሩታል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የጎብኚዎች መኪናም ተጨምሯል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ለ2 ሰከንድ ስልኩን ካየ 22 ሜትር ያህል መንገዱን ሳያይ ይጓዛል። ስለዚህ ፖሊስ ታየም አልታየም፣ በዚህ መንገድ ስልክ ሊነሳ አይገባም።